መዘግየት መርዶ አይደለም

የምሠራው ከአቃቂ አለፍ ብሎ ገላን ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ ነው። ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች በበራችን ሲያልፉ የቢሮዬ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ወር ዱከም የሚሠራ አንድ ልጅና ሰበታ ያለች የድሮ የክፍል ጓደኛዬ በተለያየ ቀን ደውለው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። የሁለቱም መሥሪያ ቤት ሥራውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያዞር ሲስተም ሊያስገባ ነው። ሁለቱም "ፕሮጀክቱን ያዙት" ተብለዋል። ሁለቱም ከየት እንደሚጀምሩ ጨንቋቸዋል። በስልክ ያልኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ሥራው ሲሰጠኝ የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ውዬ የማድረው ኔትወርክ ስዘረጋ፣ ፕሪንተር ስጠግን፣ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ እንዳይጠፋ ስሯሯጥ ነው። ፕሮጀክት መርቼ አላውቅም። ኅዳር 2016 ላይ አለቃችን ጠሩኝ። ባለቤቱም ሥራ አስኪያጁም እሳቸው ናቸው። "ኮምፒውተር የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ምሪው" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ዕቅዱ መጋዘን፣ ምርት፣ ሽያጭና ሒሳብ በአንድ ሶፍትዌር እንዲሠሩ ነው። ሐምሌ 1 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲጀምር ወረቀቱ ይቀራል ተባለ። ሶፍትዌሩን የሚያቀርብልን የአገር ውስጥ ድርጅት ነው። ቡድናችን 4 ሰው ነበር፤ ከእነሱ አንድ ፕሮግራመርና አንድ አማካሪ፣ ከእኛ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛና እኔ። የዋጋው 60 በመቶ በቅድሚያና በመሀል ይከፈላል። የቀረው 40 በመቶ ግን ሲስተሙ ሥራ በጀመረበት ቀን፣ በዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ተሰልቶ ነው የሚከፈለው። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በየዓርቡ ለአለቃችን ሪፖርት አቀርባለሁ። ሪፖርቱ በመቶኛ ነው። መጋቢት ላይ 70 በመቶ ብዬ ጻፍኩ፣ ሚያዝያ ላይ 85፣ ግንቦት መጀመሪያ 90። አልዋሸሁም፣ ግን ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። ፕሮግራመሩን እጠይቀዋለሁ፣ "ከሚሠሩት ስክሪኖች ይህን ያህሉ አልቋል" ይለኛል፣ ያንን ቁጥር ወስጄ እጽፋለሁ። ጥሬ ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ፣ ማሽን ውስጥ ገብቶ፣ ቱቦ ሆኖ፣ ተሽጦ ሒሳብ ክፍል እስኪደርስ ሲስተሙ ላይ የተከተልነው አንድ እውነተኛ ወረቀት ግን አልነበረም። አንድም።

ግንቦት ላይ አንድ የሌሊት ፈረቃ ምርት ሲስተሙ ላይ ሞከርን። ሬዚን፣ ማለትም ዋናው የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ፣ 40 ከረጢት፣ እያንዳንዱ 25 ኪሎ፣ 1,000 ኪሎ። ከሬዚኑ ጋር የሚደባለቅ ካልሲየም ካርቦኔት 6 ከረጢት፣ 150 ኪሎ። ሌላው ሌላው ተደምሮ 40 ኪሎ። በጠቅላላ 1,190 ኪሎ ገባ። የወጣው ሲመዘን 1,267 ኪሎ ደህና ቱቦና 50 ኪሎ ብልሽት፣ ድምሩ 1,317። ካስገባነው በላይ 127 ኪሎ ወጣ ማለት ነው። ፕሮግራመሩ ስህተቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ሁለት ሳምንት አለፈ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እስከ ማታ እየቆየ ነበር የሚሠራው። ስህተቱ ግን እዚያ አልነበረም።

አንድ ማታ ወረቀቱን ይዤ ወደ ማምረቻው ወረድኩ። የፈረቃው ፎርማን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ትንሽ ካዩት በኋላ "ልጄ፣ የተፈጨውን የት አስገባችሁት?" አሉኝ።

የምን የተፈጨ? ከማሽኑ ጀርባ ይዘውኝ ሄዱ። ማሽን ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ጠማማ ቱቦ፣ የተሰነጠቀው፣ በልኬት የወደቀው ሁሉ እዚያ ይከመራል። መፍጫ ውስጥ ገብቶ ይፈጫል፣ በጆንያ ይሞላል፣ ከአዲሱ ሬዚን ጋር ተመልሶ ይደባለቃል። ብዙ የቱቦ ፋብሪካ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጆንያው ግን ከመጋዘን ስለማይወጣ ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ወጪ ደረሰኝ አይቆረጥለትም፣ ገቢና ወጪው የሚመዘገብበት ቢን ካርድ የለውም፣ ቁጥር የለውም። ያለው ጋሼ ደብተር ላይ ነው። ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ገለጡት፣ ጠርዙ በዘይት የጠቆረ ባለ 50 ገጽ ደብተር። የዚያ ሌሊት መስመር ላይ "5 ጆንያ 130" ይላል። ከ127ቱ የምትበልጠው 3 ኪሎ አቧራ ሆና ወለሉ ላይ የቀረችው ናት።

ቆሜ ደብተሩን አየሁት። ስድስት ወር ሙሉ ስብሰባ ስናደርግ ጋሼን ማንም አልጠራቸውም። የምርት ክፍሉ ኃላፊ ተጠርተዋል፣ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ተጠርተዋል፣ ሁለቱም መፍጫው አጠገብ አይውሉም። የምጠራውን ሰው ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ፕሮጀክት የምትመሩ ሰዎች፣ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። ቀንም ሌሊትም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ፈረቃ።

ነገሩ በአንድ ቀን የሚስተካከል አልነበረም። ለተፈጨው መለያ ኮድ መስጠት አለ፣ የእያንዳንዱን ቱቦ የድብልቅ መጠን እንደገና ማስገባት አለ፣ የተፈጨው ኪሎ በስንት ብር ይታሰብ በሚለው ላይ ሒሳብ ክፍል መወሰን አለበት። ያን ዕለት ማታ በሰርቪስ ወደ ቤት ስሄድ ሐምሌ 1 እንደማንደርስ አወቅኩ። ግንቦት አጋማሽ ነበር። ለአለቃችን የነገርኳቸው ሰኔ 28 ነው።

ለምን? ብዙ አስቤበታለሁ። በባህላችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞትበት ለባለቤቱ ወዲያው አይነገረውም። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እህል ቀምሶ እንዲያድር ይደረጋል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ብዙ ሆነው ይሄዳሉ። ትልቅ ርኅራኄ ያለበት ወግ ነው፣ እኔም አባቴን የተረዳሁት እንደዚያ ነው፣ ብቻዬን በስልክ ብሰማው ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። የሞተ ሰው ጉዳይ ዛሬ ቢነገር ነገ ቢነገር አይለወጥም፣ ስለዚህ መቆየቱ የሚጎዳው የለም። እኔ ግን የፕሮጀክት መዘግየትን ልክ እንደ መርዶ ያዝኩት። ጥሩ ቀን ጠበቅኩ። አለቃችን ደስ ብሏቸው የሚውሉበትን። አብሮኝ የሚገባ ሰው ፈለግኩ፣ የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ። እስከዚያው በየዓርቡ "92 በመቶ፣ ትንሽ ነገር ቀርታናለች" እያልኩ ጻፍኩ። መዘግየት የሞተ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ቀን ይሰፋል። ለእንዲህ ያለው ነው "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው።

አሁን ወደዚያች የክፍያ ነገር ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእኛ 40 በመቶ ገና አልተከፈለም፣ ምክንያቱም ሲስተሙ አልጀመረም። በጀመረበት ቀን ያ ክፍያ በብር ሲሰላ ውሉን ስንፈርም ከነበረው እጥፍ ገደማ ሆነ።

ምንዛሪው እንደሚለወጥ ማወቅ አልችልም ነበር። ግን የሲስተሙ የሽያጭ ክፍል ሚያዝያ ላይ አልቆ ነበር፣ ከተፈጨው ጋር የሚያገናኘውም የለም። ግንቦት ላይ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን "ያለቀውን አሁን እናስጀምር፣ የእሱን ድርሻ አሁን እንክፈል፣ የቀረውን በኋላ" ማለት ይቻል ነበር። አለቃችን ይህንኑ ነው ያሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ ሳያደርጉ፣ "ግንቦት ላይ ብትነግሪኝ ውሉን እናሻሽለው ነበር።" ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ የመጨረሻውን ክፍያ በአንድ ቀን ላይ አትስቀሉት። በየክፍሉ ከፋፍሉት፣ አንዱ ሥራ ሲጀምር የእሱ ይከፈል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አመራሩ መናገር አለብኝ፣ ለእሳቸውም ፊት ለፊት የነገርኳቸው ስለሆነ አልደብቀውም። አለቃችን በስብሰባ ላይ የሚደጋግሙት ንግግር ነበራቸው፤ "ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዛችሁ ኑ።" ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይባላል፣ ሲሰሙት ብርቱ አነጋገር ነው። ውጤቱ ግን መፍትሔ የሌለው ሰው ዝም ማለቱ ነው። እኔ ግንቦት ላይ መፍትሔ አልነበረኝም፣ ዝም አልኩ። ፕሮግራመሩም እኔ ዘንድ እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ብቻውን ኮድ ሲቆፍር። ይህንን ስነግራቸው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ "ታዲያ ምን ልበል?" አሉ። "ችግሩን በሰማችሁ ዕለት ንገሩኝ፣ መፍትሔውን አብረን እንፈልጋለን ይበሉ" አልኳቸው። በሚቀጥለው ዓርብ ቃል በቃል አሉት። ሰው ወዲያው አላመነም። ያመነው ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ የገዛ ራሷን ስህተት ስትናገር ሳይቆጡ "አመሰግናለሁ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?" ሲሏት ነው። ከዚያ በኋላ የተደበቀው ሁሉ መውጣት ጀመረ።

መዘግየቱን እንደሰሙ መጀመሪያ ግን አለቃችን "ሰው ጨምሩ፣ 5 ልጆች ልቅጠርላችሁ" ብለው ነበር። ለመርዳት ነው፣ ቅን ሐሳብ ነው። በ1960ዎቹ አይቢኤም ውስጥ የሲስተም 360 ኮምፒውተርና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፈው አንድ ነገር አለ፤ የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር የበለጠ ያዘገየዋል። አዲሱን ሰው የሚያሠለጥነው ያው ሥራ የበዛበት ሰው ነው። መግባባትም ይከብዳል። 4 ሰው እርስ በርሱ ለመነጋገር 6 መስመር ይበቃዋል፣ 9 ሲሆኑ 36 ይሆናል። ይህንን ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው፣ ገባቸው። ፕሮግራመር አልጨመርንም። የጠየቅኩት ጋሼ በቀን 2 ሰዓት ከሥራ ነፃ ሆነው አጠገባችን እንዲቀመጡ ነው። ከ5 አዲስ ልጅ የበለጠ ጠቀሙን።

መቶኛውንም ጣልን። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍን። በግራ በኩል ሥራው፣ መሀል ላይ የያዘው ሰው ስም፣ በቀኝ "ይሠራል" ወይም "አይሠራም"። አረንጓዴ ወይም ቀይ። መሀል ቤት የለም። አረንጓዴ ለማድረግ ደግሞ በዚያው ጠዋት የተቆረጠ እውነተኛ ወረቀት ይዞ መጥቶ ሲስተሙ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስኪዶ ማሳየት ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ከ31 ሥራ አረንጓዴ የሆነው 9 ብቻ ነበር። ያው 92 በመቶ ብዬ የጻፍኩለት ፕሮጀክት ነው።

ቀዮቹን ስንከፍታቸው ብዙ ነገር ወጣ። ለምሳሌ የዕቃ ስም። የግዢ ሰነዱ "ኤልቦ" ይላል፣ ሽያጭ ክፍልና ቧንቧ ሠራተኛው "ጎሚቶ" ይሉታል። ሲስተሙ ውስጥ ሁለት ዕቃ ሆኖ ተመዝግቦ አንደኛው ሁልጊዜ "አልቋል" ይላል። የአማርኛ ስሞቹ ደግሞ አንዱ በ"ሀ" ሌላው በ"ኃ"፣ አንዱ በ"ሰ" ሌላው በ"ሠ" ስለተጻፉ ፍለጋ ላይ አይገኙም። ቁጭ ብለን አንድ አጻጻፍ መረጥን።

የሌሊቱ ፈረቃ ነገርም ነበር። ፈረቃው የሚጀምረው ከማታው 5 ሰዓት ነው፣ የሚያልቀው ጠዋት 1 ሰዓት። ሲስተሙ ቀን የሚቀይረው ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ፈረቃ ምርት ለሁለት ቀን ይከፈላል፣ 1 ሰዓቱ ለትናንት፣ 7 ሰዓቱ ለዛሬ። ጋሼ ደብተር ላይ አንድ ሌሊት ነው። ሪፖርቱና ደብተሩ በየቀኑ ይጣሉ ነበር። ምርትን በፈረቃ ቁጥር እንጂ በሰዓት እንዳይመድብ አስደረግን። እንዲህ ያለውን፣ ሲስተሙ 13ኛዋን ወር ጳጉሜን እንዴት እንደሚይዝም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ቀን አቅራቢውን ጠይቁት። በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው።

ከሁሉም ግን የከበደው የመጋዘኑ ቆጠራ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የመጋዘን ኃላፊያችን ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ለሲስተሙ ግን ምንም አልተባበሩም። ሥልጠና ሲጠሩ ሥራ አለብኝ ይላሉ። ቁጥር ሲጠየቁ ነገ ይላሉ። እኛ "ኮምፒውተር ፈርተው ነው" አልን፣ እኔም አብሬ አምኛለሁ። አንድ ቀን ሻይ ቤት አብረን ተቀምጠን "ጋሽዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምን አስቸገረዎት?" አልኳቸው። ብርጭቆውን እያዞሩ ቆዩና "ልጄ፣ ጉድለት የተገኘ ቀን ከማን ደመወዝ ነው የሚቆረጠው?" አሉ።

በቃ፣ ይኸው ነው። የዓመታት ልዩነት አለ። በችኮላ ያለ ወረቀት የወጣ፣ አይጥ የቀደደው ከረጢት፣ ክረምት ጣሪያ አፍስሶ የደረቀ ካልሲየም፣ አንዱም ከመዝገብ አልተሰረዘም። ሲስተሙ በጀመረ ቀን ይህ ሁሉ በአንዴ ጉድለት ሆኖ ይወጣል፣ ፊርማው ያለው ደግሞ የእሳቸው ነው። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እተባበር ነበር? አልተባበርም።

አለቃችን ጋ ሄድኩ፣ ያን ጊዜ ቀን አልመረጥኩም፣ ከሻይ ቤቱ በቀጥታ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ደብዳቤ ጻፉ። በመጀመሪያው ቆጠራ የሚገኝ ማንኛውም ልዩነት በኮሚቴ ይመዘገባል፣ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥም፣ ማንም አይጠየቅም። ማኅተም ተመትቶ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ለፋብሪካው ገንዘብ የሚያስከፍል ውሳኔ ነው፣ ግን ዕቃው ቀድሞውኑ የለም። የመጋዘን ኃላፊው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሁለተኛ ደብተር ይዘዋል። ቢን ካርዱ ላይ ያልሰፈረው ሁሉ እዚያ ውስጥ በቀንና በኪሎ ተጽፏል። ለራሳቸው መከላከያ ያስቀመጡት ነው። ያንን ደብተር ባናገኝ ቆጠራው ሁለት ወር ይፈጅብን ነበር። በ6 ቀን ጨረስን።

ይህንን ማንም ፕሮጀክት መሪ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። ደብዳቤውን መፈረም የሚችለው ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የእናንተ ሥራ ምን እንደሚፈርም ለይቶ፣ ለምን እንደሚፈርም አስረድቶ፣ በጊዜ ጠረጴዛው ላይ ማድረስ ነው።

ጥቅምት 2017 ላይ ጀመርን። ወረቀትና ሲስተም ጎን ለጎን 4 ሳምንት ሄዱ። ከዚያ በላይ አታስኪዱት፣ ሰው ይደክመዋል፣ ሲደክመው ደግሞ የሚተወው አዲሱን ነው። ወረቀቱ የሚቆምበትን ቀን ከመጀመሪያው ቁረጡና ለሁሉም ንገሩ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባዶ ቅጽ ግን መጋዘኑ ውስጥ ይኑር፣ በማግስቱ ይገባል። እኛ ጋ በወር ብዙ ቀን ያስፈልገናል።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት እስካሁን አለ። በየሰኞው እንቀይረዋለን።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ሳይጠሩ ቢሮዬ መጡ። እስካሁን ከምንሠራበት ፒቪሲ የተለየ ኤችዲፒኢ ከሚባል ፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራ አዲስ ማሽን ታዟል፣ ገና ጅቡቲም አልደረሰም። ቁጭ እንኳን አላሉም። "ልጄ፣ የዚህኛው ማሽን ብልሽት ከፒቪሲው ጋር ከተፈጨ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ አይዋሃዱም። አሁን ያለው ኮድ አንድ ብቻ ነው፣ ልጆቹ ሳያውቁ ይቀላቅሉታል። ቀይ አድርጊው" አሉኝ። ተነስቼ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት፣ ስም የሚለው ቦታ ላይ የእኔንም የእሳቸውንም ጻፍኩ፣ አለቃችንም ሻይ ሳይጠጡ በዚያው ጠዋት ሰሙ።